ሰብሮ ማንበብ፤ የፔፕታይድ ስብራት ታሪክ

ሰባራ ነገር በቤታችን ብዙ ክብር የለውም። እንስራ ሲሰበር ገሉ ቢበዛ እሳት መጫሪያ ይሆናል፤ የጨሌ ክር ሲበጠስም ልጆች በየጥጉ የተበተነውን እንዲለቅሙ ይታዘዛሉ እንጂ «ለምን እዚህ ላይ ተበጠሰ?» ብሎ የሚመራመር የለም። በኬሚስትሪው ዓለም ግን ይህንኑ ጥያቄ ሥራዬ ብለው የያዙ፣ ዕድሜያቸውንም የፈጁበት ሰዎች አሉ። የሚሰብሩት ነገር ፔፕታይድ ይባላል፤ የሚሰብሩበትና ስባሪውን የሚመዝኑበት መሣሪያ ደግሞ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው።

የዚህ ታሪክ አስገራሚነት ሰዎቹ ከስብራቱ ማንበብ የጀመሩት ስብራቱ እንዴት እንደሚከሰት በቅጡ ከመረዳታቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብለው መሆኑ ነው። ንባቡ ትልልቅ ግኝቶችን አስገኝቷል፤ ያልታወቀውም ነገር የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። ሁለቱንም በየተራ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ሃያው ፊደል

ፕሮቲን ማለት የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ፕሮቲኖች የሚገነቡባቸው የተለመዱት አሚኖ አሲዶች 20 ሲሆኑ፣ እነዚህ 20 ፊደላት በተለያየ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ አንዱ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ሌላው የስኳርን መጠን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን፣ ሌላው ደግሞ የፀጉርና የጥፍር ገላ ይሆናል። አጠር ያለው ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል። ፊደላቱ ተለይተው ቢታወቁም ቅደም ተከተላቸው ካልታወቀ ፋይዳው ትንሽ ነው። «ለበሰ»፣ «በሰለ» እና «ሰለበ» በሦስት ተመሳሳይ ፊደላት የተጻፉ ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን አይገናኝም።

የአንድን ፕሮቲን ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦ የጨረሰው የካምብሪጁ ፍሬደሪክ ሳንገር ነው። ኢንሱሊን 30 እና 21 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሁለት ሰንሰለቶች አሉት። ሳንገር ሁለቱንም በ1950ዎቹ መጀመሪያ አነበበ፤ በ1955 እርስ በርስ የተያያዙበትን መንገድ አሳየ፤ በ1958ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዘዴው ሰንሰለቱን በአሲድ ቆራርጦ፣ ቁርጥራጮቹን ለያይቶ፣ ተደራራቢ ጫፎቻቸውን እያገጣጠሙ ማንበብ ነበር። ለአንድ አነስተኛ ፕሮቲን አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ስዊድናዊው ፔር ኤድማን በ1950 ያወጣው ዘዴ ደግሞ ከሰንሰለቱ ራስጌ እየጀመረ አንድ አንድ ፊደል በተራ ይነቅላል። በ1967 ኤድማን ከጄፍሪ ቤግ ጋር ሆኖ በአውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ይህን ሥራ በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ ሠራ። ዘዴው ለረዥም ዘመን የመስኩ ገዥ ሆኖ ኖሯል። ይሁንና ሁለት ድክመቶች ነበሩት። የሰንሰለቱ ራስጌ ተፈጥሮ ራሷ በጨመረችው ሌላ ኬሚካል ከተሸፈነ ነቃዩ የሚይዘው ያጣል፤ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ሁለት ፔፕታይዶች ተደባልቀው ከቀረቡለትም ከሁለቱም እኩል ስለሚነቅል፣ የትኛው ፊደል ከየትኛው ሰንሰለት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

የማይበርን ነገር ማብረር

ማስ ስፔክትሮሜትር ሲፈጠር የፊዚክስ ሰዎች ሚዛን ነበር። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1913 ኒዮን የተባለው ጋዝ ክብደታቸው 20 እና 22 የሆኑ ሁለት ዓይነት አቶሞች እንዳሉት ያሳየው በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ መልክ ነው። ፍራንሲስ አስተን በ1919 አሻሽሎ ሠራው፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የሚመዘነው ነገር ኤሌክትሪካዊ ሙል እንዲይዝ ይደረጋል፤ ሙል የያዘው ቅንጣት አዮን ይባላል። አዮኑ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል ሲነዳ ቀላሉ ብዙ ይታጠፋል፣ ከባዱ ጥቂት ይታጠፋል። ከመታጠፉም ክብደቱ ይሰላል።

እንግዲህ ለመመዘን መብረር ያስፈልጋል ማለት ነው። ፔፕታይድ ግን አይበርም። ስኳር ምጣድ ላይ ሲጣድ ከመትነኑ በፊት አርሮ እንደሚከስል ሁሉ፣ ፔፕታይድም ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደተጣበቁ ያርራሉ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው የኦስትሪያ ተወላጅ ክላውስ ቢማን በ1959 መውጫ አበጀለት። ፔፕታይዶቹን በኬሚካል ለውጦ በቀላሉ የሚተኑ አደረጋቸው፤ ከዚያም ሰብሮ አነበባቸው።

በ1965 ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ እጅ ዘረጋች። በፈረንሳይ የኤድጋር ለደረር ቡድን ከአንዲት ባክቴሪያ ያገኘው ፎርቱኢቲን የተባለ ንጥረ ነገር ቅባት የተጣበቀበት፣ 9 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነበር፤ ክብደቱም 1359። በማንቸስተር በአንድ የመሣሪያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማይክል ባርበር ይህን ከባድ ነገር ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ሲያስገባው ይከስላል ሲባል ተነነ፤ በየማሰሪያው ላይም ተሰበረ። ስባሪዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ልዩነታቸውን በማስላት ብቻ ቅደም ተከተሉን ማንበብ ተቻለ። ምክንያቱ ባክቴሪያዋ በፔፕታይዱ ላይ ሜቲል የተባሉ ትንንሽ የአቶም ቡድኖች አስቀድማ መለጠፏ ነበር፤ እነሱም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላሉ። የለደረር ቡድን ትምህርቱን ወስዶ ሌሎች ፔፕታይዶችን በላቦራቶሪ ውስጥ ሜቲል ያለብሳቸው ጀመር። የባክቴሪያዋ ስም ማይኮባክቴሪየም ፎርቱኢተም ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን «በአጋጣሚ የሆነ» ማለት መሆኑ ለታሪኩ የተመረጠ ስም ያስመስለዋል።

ከአሳማ አንጎል የወጣ መልእክት

በ1973 ሦስት የምርምር ቡድኖች፣ ሁለቱ በአሜሪካ አንዱ በስዊድን፣ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሞርፊንና መሰሎቹ እንደ ቁልፍ የሚገጥሙበት ጓጉንቸር መኖሩን በየፊናቸው አረጋገጡ። ይህም ሌላ ጥያቄ አስከተለ። ሞርፊን የሚገኘው ከአንድ ተክል ጭማቂ ነው። ለአንድ አበባ ጭማቂ ሲባል በሰውና በእንስሳ አንጎል ውስጥ ጓጉንቸር ይበጃል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ ሰውነት የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ የሥቃይ ማስታገሻ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ቁልፍ በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ይፈልጉ ከነበሩት መካከል ሃንስ ኮስተርሊትዝና ወጣቱ ባልደረባው ጆን ሂዩዝ ይገኙበታል። ኮስተርሊትዝ በ1903 በርሊን ተወልዶ በ1934 ከናዚ ጀርመን ወጥቶ አበርዲን የገባ፣ ዕድሜው ሰባን የተሻገረ ሰው ነበር። ከቄራ የሚያመጡትን የአሳማ አንጎል ፈጭተው ያጣራሉ፤ የተጣራውን በኤሌክትሪክ እየተነካ በሚኮማተር የአይጥ የዘር ቱቦ ላይ ያንጠባጥባሉ። መኮማተሩ ልክ ሞርፊን እንደነካው ሁሉ ይዳከማል። ናሎክሶን የተባለው የሞርፊን ማርከሻ ሲጨመር ደግሞ ይመለሳል። የተፈለገው ቁልፍ በእጃቸው መግባቱን አወቁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም። ኤንኬፋሊን ብለው ሰየሙት።

ንጥረ ነገሩ ፔፕታይድ መሆኑ ሲታወቅ በኤድማን ዓይነት ዘዴ ማንበብ ተጀመረ። ጎን ለጎንም ሃዋርድ ሞሪስ የተባለ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ባለሙያ ሥራውን ተቀላቀለ። መልሱ በታኅሣሥ 1975 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ኤንኬፋሊን አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። ሁለቱም አምስት አምስት ፊደል አላቸው፤ አራቱ ፊደላት፣ ማለትም ታይሮሲን፣ ግላይሲን፣ ግላይሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ አንድ ናቸው። የሚለያዩት በግርጌው ፊደል ብቻ ነው፤ የአንዱ ግርጌ ሜቲዮኒን፣ የሌላው ሉሲን። ድብልቅ ለሚያስቸግረው ለነቃዩ ዘዴ ይህ ፈታኝ ነበር፤ ለሚዛን ግን ሁለት የተለያዩ ክብደቶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም በላቦራቶሪ ሠርተው ከተፈጥሮው ጋር አስተያዩ፤ ሥራቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ኤንኬፋሊን አምስት ፊደላት ቀደም ሲል ይታወቅ በነበረው ቤታ ሊፖትሮፒን በተባለ ሆርሞን ውስጥ ከ61ኛው እስከ 65ኛው ቦታ ተጽፈው ተገኙ። ቃሉ ለዓመታት በታተመ ጽሑፍ ውስጥ ነበር፤ ነጥሎ ያየው ግን አልነበረም።

የ131 ወጥመድ

ንባቡ እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ያንኑ ባለ ሉሲን ኤንኬፋሊን በዛሬው መሣሪያ እንመዝነው። ፕሮቶን ተጨምሮበት ሙሉ ክብደቱ 556 ነው። ሲሰበር ከሚወጡት ስባሪዎች የራስጌውን ክፍል የያዙት 425፣ 278 እና 221 ይመዝናሉ። ከ425 ላይ 278 ሲቀነስ 147 ይቀራል፤ ይህ የፌኒልአላኒን ክብደት ነው። ከ278 ላይ 221 ሲቀነስ 57፤ ይህም ግላይሲን። የቀረው 221 ታይሮሲን 163፣ ግላይሲን 57 እና አንድ ፕሮቶን ነው። እስካሁን ነገሩ የሂሳብ ጨዋታ ይመስላል።

አሁን የመጨረሻውን ፊደል እንፈልግ። ከ556 ላይ 425 ሲቀነስ 131 ይሆናል። የአሚኖ አሲዶችን የክብደት ሠንጠረዥ የሚገልጥ ሰው በ131 አንጻር የሚያገኘው ሜቲዮኒንን ነው። መልሱ ግን ስሕተት ነው! ሰንሰለቱ በዚህ ቦታ ሲሰበር የግርጌው ቁራጭ 18 የሚመዝን ውኃ ይዞ ይሄዳል፤ ከ131 ላይ 18 ሲነሣ 113 ይቀራል፣ እሱም ሉሲን ነው። በሙሉ ቁጥር ብቻ ለሚመዝን ሰው ሉሲን ከነውኃው እና ሜቲዮኒን አንድ ናቸው። በሁለቱ ኤንኬፋሊኖች መካከል ያለው ልዩነትም የዚህ አንድ ፊደል ልዩነት ብቻ መሆኑን ያስታውሷል።

ይህ ነገር ለቅኔ ፈቺ አዲስ አይደለም። ቃሉ የት ላይ እንደሚከፈል፣ ሲከፈልም የትኛው ድምፅ ከየትኛው ወገን እንደሚቀር ያላወቀ ሰው ፊደሉን ሁሉ ቢያነብም ወርቁን አያገኝም። በፔፕታይድም እንዲሁ ነው። ሚዛን ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው ግን ስለ ስብራቱ ያለን ዕውቀት ነው።

አልሰበር ያለው

በ1981 ማይክል ባርበር፣ አሁን በማንቸስተር የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ፣ ፔፕታይድን ያለ ማሞቂያ የሚያበርር ዘዴ አወጣ። ፔፕታይዱን በግሊሰሪን አሟሙቶ ፈጣን አቶሞች ያዘንብበታል፤ ከፈሳሹ ውስጥ አዮኖች እየተፈናጠሩ ይወጣሉ። በ1988 ገደማም ሁለት ሌሎች ዘዴዎች ተከተሉ። በአሜሪካ ጆን ፌን ፈሳሹን በኤሌክትሪክ ኃይል እየረጨ ግዙፍ ፕሮቲኖችን አበረረ፤ በጃፓን ኮይቺ ታናካ፣ በጀርመን ፍራንዝ ሂለንካምፕና ሚካኤል ካራስ ይህንኑ በሌዘር ብርሃን አደረጉት። ፌንና ታናካ በ2002 የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ። ፌን ሥራውን ለዝሆን ክንፍ ከመስጠት ጋር አመሳስሎታል።

የድካሙ ፍሬ ግን ያልታሰበ ችግር ይዞ መጣ። አዲሶቹ ዘዴዎች ለስላሳ ስለሆኑ ፔፕታይዱ ሙሉውን ይበርራል፤ አይሰበርም። ካልተሰበረ ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ አብርሮ ሲያበቁ ሆን ብሎ መስበር አስፈለገ። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ በ1978 በሪቻርድ ዮስትና በክሪስቲ ኤንኪ ተሠርቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል አንዱን አዮን ከብዙዎቹ ይመርጣል፣ ሁለተኛው በጋዝ ተሞልቶ ያጋጨዋል፣ ሦስተኛው ስባሪውን ይመዝናል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሃንትና ባልደረቦቹ ከ1981 ጀምሮ በዚህ መንገድ ፔፕታይድ ማንበብን አስለመዱ። ለስባሪዎቹም የጋራ ስም ወጣላቸው። በ1984 ዴንማርካዊው ፒተር ሮፕስቶርፍ ከፎልማን ጋር ራስጌውን የያዙትን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ግርጌውን የያዙትን ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ብለው ሰየሟቸው። በግጭት ሲሰበር በብዛት የሚታዩት ቢ እና ዋይ ናቸው።

ዘዋሪው ፕሮቶን

ስም ማውጣት ግን ማወቅ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ቢ የተባለው ስባሪ ጫፉ ላይ በክፍት የተተወ፣ አሲሊየም የሚባል አዮን ተደርጎ ይሣል ነበር። ሥዕሉ ቀላልና ለማስተማር የሚመች ነው፤ አንድ እንከን ግን ነበረበት። እንዲህ ያለ ክፍት ጫፍ ያለው አዮን ካርቦን ሞኖክሳይድ አውጥቶ ወዲያው መፍረስ ነበረበት። በመሣሪያው ውስጥ ያሉት የቢ ስባሪዎች ግን ጸንተው ይታያሉ። ሌላም ምልክት ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻ የያዘው የመጀመሪያው ቢ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይታይም።

በ1995 በቶሮንቶ አሌክስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ይህን የቢ አዮኖች ጽናት መነሻ አድርገው መልሱን አቀረቡ። ሰንሰለቱ ዝም ብሎ አይበጠስም። በማሰሪያው አጠገብ ያለው የቀዳሚው አሚኖ አሲድ ኦክስጅን ዞሮ ማሰሪያውን ያጠቃዋል፤ ባለ አምስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራል፤ ከግርጌ ያለው ክፍልም ይለቃል። ቀለበቱ ኦክሳዞሎን ይባላል። ቢ የሚጸናው ጫፉ በቀለበት ስለተዘጋ ነው። የመጀመሪያው ቢ የማይታየውም ከፊቱ ቀለበቱን የሚሠራለት ሌላ አሚኖ አሲድ ስለሌለው ነው።

በዚያው ዘመን ቪኪ ዋይሶኪና ሳይመን ጋስክልን ጨምሮ በርካታ ተመራማሪዎች ሌላውን ጥያቄ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚሰበር የሚወስነውን ነገር ያጠኑ ነበር። መልሳቸው «ዘዋሪ ፕሮቶን» በሚለው ሐሳብ ይጠቃለላል። ለፔፕታይዱ ሙል የሰጠው ፕሮቶን ሲጀመር ምቹ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። አዮኑ ከጋዝ ጋር ተጋጭቶ ሲሞቅ ግን ተነሥቶ በሰንሰለቱ ላይ ይዘዋወራል፤ ያረፈበት ማሰሪያም ይደክማል፣ ለቀለበቱም ጥቃት ይጋለጣል። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ካለ ግን ፕሮቶኑን ጠፍሮ ይይዘዋል። የሚዘዋወር ፕሮቶን ከሌለ ሰንሰለቱ በእኩል መሰበሩን ትቶ፣ የራሱ አሲዳማ ፕሮቶን ካለው ከአስፓርቲክ አሲድ ቀጥሎ ባለው ማሰሪያ ላይ መሰበርን ይመርጣል። ፕሮቶኑ ሲዘዋወር ደግሞ ፕሮሊን ካለ ከፕሮሊን በፊት አዘውትሮ ይሰበራል።

ይህ ማብራሪያ አስቀድሞ በልምድ የታወቀ ነገርን ጭምር ገለጠ። ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን የሚቆርጠው ከላይሲንና ከአርጂኒን ቀጥሎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ በግርጌው አንድ ፕሮቶን ያዥ ይኖረዋል። የፌን ዘዴ ሁለት ፕሮቶን ሲሰጠው አንዱ ግርጌው ላይ ይቀራል፣ ሌላው ይዘዋወራል። ሲሰበር ራስጌውም ግርጌውም ሙል ይዞ ይወጣል፤ ሰንሰለቱም ከሁለቱም ወገን ይነበባል። ሠራተኞቹ ይህን ጥምረት የመረጡት ስለሠራላቸው ነበር፤ ለምን እንደሠራ ያወቁት ኋላ ነው።

የኮምፒዩተሩ ንባብ

በ1994 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጂሚ ኤንግ፣ አሽሊ ማኮርማክና ጆን ዬትስ የመሣሪያውን ውጤት ከታወቁ ፕሮቲኖች ዝርዝር ጋር የሚያስተያይ ፕሮግራም አወጡ። በወራት ይሠራ የነበረው በሰዓታት ይሠራ ጀመር። ፕሮግራሙ ግን የስብራቱን ጠባይ አያውቅም ነበር፤ የቢና የዋይ ምልክቶች ሁሉ ቁመታቸው እኩል እንደሆነ አድርጎ ነበር የሚያስበው። እውነተኛው ስብራት ደግሞ አንዱን ማሰሪያ ደጋግሞ ይመታል፣ ሌላውን ይዘልላል። በዚህም ምክንያት ከትክክለኛው ንባብ ጋር ብዙ የተሳሳተም አብሮ ገባ። ባለሙያዎቹ ስሕተቱን ለመለካት አንድ ብልሃት አበጁ። ከእውነተኞቹ ፕሮቲኖች ጎን ወደ ኋላ የተጻፉ፣ በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖችን ይጨምራሉ፤ ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ በእነዚህ እንደሚታለል ይቆጥራሉ። በ2007 የሃርቫርዶቹ ጆሽዋ ኤሊያስና ስቲቨን ጋይጊ ይህን አሠራር በሰፊው አስተዋወቁት። በ2019 ደግሞ በጀርመን፣ ሙኒክ የተሠራው ፕሮዚት የተባለ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ስባሪ ምልክት ቁመት አስቀድሞ መገመት ጀመረ። ይህም የስብራቱ ጠባይ ራሱ ወደ ንባቡ ገባ ማለት ነው።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ቅንጦት አይደለም። በ1992 የሃንት ቡድን በሕዋሳት ገጽ ላይ ተሰክተው በሰውነት መከላከያ ኃይል የሚፈተሹ፣ ዘጠኝ ፊደል ያህል ርዝመት ያላቸው ፔፕታይዶችን ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የካንሰር ክትባት የሚሹ ተመራማሪዎች በካንሰር ሕዋስ ላይ ብቻ የሚገኙትን እንዲህ ያሉ ፔፕታይዶች ያድናሉ። እነዚህ በትሪፕሲን የተቆረጡ ስላልሆኑ ብዙዎቹ ያ ምቹ ግርጌ የላቸውም፤ ስብራታቸውም የተመቸ አይደለም። ከዘጠኙ ፊደላት አንዱ ቢሳሳት ክትባቱ የሚያነጣጥረው በሌለ ጠላት ላይ ይሆናል።

በግጭት ከመስበር ሌላም መንገድ ተገኝቷል። በ1998 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሮማን ዙባሬቭ፣ ኒል ኬለርና ፍሬድ ማክላፈርቲ ፔፕታይዱ ኤሌክትሮን እንዲይዝ ሲያደርጉ በሌላ ማሰሪያ ላይ ተሰብሮ ሲ እና ዜድ የተባሉትን ስባሪዎች ሰጣቸው። በግጭት ጊዜ ቀድሞ የሚረግፈው የፎስፌት ቡድንም በዚህኛው አሰባበር በቦታው ይቆያል። ሉሲንና መንትያው አይሶሉሲን ሁለቱም በትክክል 113 ስለሚመዝኑ ተራው ግጭት አይለያቸውም። የቢማን ቡድን በ1987 እንዳሳየው ግን በከፍተኛ ኃይል ሲጋጩ የጎን ቅርንጫፎቻቸው ይገነጠላሉ፤ ሉሲን 43፣ አይሶሉሲን 29 የሚመዝን ቁራጭ ይጥላል፣ በዚህም ይታወቃሉ። ሰባሪው ምን እንደሰበረና እንዴት እንደሰበረ ሲያውቅ መንትዮች እንኳ ስማቸውን ይናገራሉ።